«ኳየት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጕምና ምንጭ
(ከአማርኛውና ከዐረብኛው ጋራ ተነጻጽሮ የቀረበ)

መምህር ወደ ክፍል በገባ ጊዜ ከትምህርቱ አስቀድሞ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ የዝምታ ቃል ነው። ከካርቱም ሰፈሮች አንዱ በሆነው በዴም ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረዋልና፥ ልጆቻቸው በቤት «ዝም በል»፥ በመንገድ «ኡስኩት»፥ በእንግሊዝኛ ሰዓት ደግሞ «ኳየት» የሚለውን ቃል እየሰሙ አድገዋል። ሦስቱ ቃላት አንድ ትእዛዝ የሚያዝዙ ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ሲመረመር ግን የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም።

እንግሊዝኛ ወደ ካርቱም የመጣው ከጦር ጋራ ነው። ጄኔራል ኪችነር በ1898 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር) በኦምዱርማን ድል ካደረገ በኋላ፥ በጎርደን ስም የተሠራው ኮሌጅ በ1902 ተከፈተ። ሱዳን በ1956 ነጻ እስክትወጣ ድረስም እንግሊዝኛ የመሥሪያ ቤትና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ቈየ።

«ኳየት» የተባለው ቃል ራሱ ግን ለእንግሊዞችም እንግዳ ነበረ። የኖርማንዲው ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛና የላቲን ቃላት ወደ አገሩ ገቡ፤ ይህም ቃል በ14ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዞች አፍ ተለመደ። ከዚያ በፊት አገሬው የሚናገረው «ስቲል» የሚለውን ቃል ነበረ። የ«ኳየት» ሥር በላቲን «ኲየስ» ነው፤ ትርጕሙም ዕረፍት ማለት ነው። ስለዚህ በላቲን ሥርዐት ለሙታን ዕረፍት የሚጸለየው ጸሎት «ሬኲየም» ተባለ። ዕዳውን ከፍሎ ሒሳቡ የተዘጋለት ሰውም በዚያው ቃል «ዐርፏል» ይባል ነበርና፥ ዛሬ መተውንና መልቀቅን የሚያመለክተው «ኲት» ከዚህ ወጣ። እንግዲህ በምንጩ ኳየት ማለት አፍን መዝጋት አይደለም፤ ከሸክም ማረፍ ነው።

እንግሊዞች ሌላም የዝምታ ቃል አላቸው፤ እርሱም «ሀሽ» ነው። የዚህ ቃል ሥር ድምፅ እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ ጣት በከንፈር ላይ ሲደረግ ከሚሰማው ትንፋሽ የተወለደ ነው። በዐረብኛ ንግግርም «ሁስ» የሚባል ተመሳሳይ ቃል አለ። አንዱ ከሌላው መዋሱን መፈለግ አያስፈልግም፤ የሰው ትንፋሽ በሁሉም አገር አንድ ነውና።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ዝም፥ ጸጥ፥ ጭጭ የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ግሥ አይሆኑም፤ «አለ» የሚለውን ይደገፋሉ። ዝም አለ፥ ጸጥ አለ እንላለን። በአማርኛ ዝም ያለ ሰው እንኳ አንድ ነገር ብሏል ማለት ነው። በእነዚሁ ቃላት ላይ «ታ» ሲጨመር ዝምታና ጸጥታ የተባሉት ስሞች ተገኙ። ከዚህም ሌላ አርምሞንና ጽሞናን ከግዕዝ ወርሰናል፤ እነዚህም የገዳምና የጸሎት ቃላት ናቸው።

በዐረብኛ «ኡስኩት» የሚለው ንግግርን ቈርጦ ማቆም ነው። ከእርሱ አጠገብ ግን «ሱኩን» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ትርጕሙም መርጋት ነው። የዐረብኛን ፊደል የተማረ ልጅ ሁሉ አናባቢ በሌለው ፊደል ላይ የሚደረገውን ትንሽ ክብ ምልክት በዚሁ ስም ያውቀዋል። ከዚያው ሥር መኖሪያ ቤት «መስከን» ይባላል። የእኛም «ሰከነ» የዚህ ዘመድ ነው፤ የደፈረሰ ውሃ ይሰክናል፥ የተቈጣ ሰውም ይሰክናል። እንግዲህ መርጋትና በቤት መኖር በአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ጸጥታ የሚለው ቃላችን ዛሬ ከዝምታ የሰፋ ነገር ተሸክሟል። በ1946 ሥራውን የጀመረውን የተባበሩት መንግሥታት ምክር ቤት «የጸጥታው ምክር ቤት» ብለን ሰይመነዋልና፥ ጸጥታ ማለት የሕዝብ ደኅንነትም ሆኗል። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓመተ ምሕረት (በእኛ አቈጣጠር) በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ሁለቱ ትርጕሞች ተለያዩ። ሕዝብ ከየሰፈሩ ተሰደደ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። የልጆች ድምፅ የጠፋበት ክፍል ዝም ብሏል፤ ጸጥታ አለው ግን አይባልም። ዕረፍት የለውምና ኳየት አይደለም፤ ነዋሪው ተሰዷልና ሱኩንም አይደለም።

ይህን ማወቅ ለመምህራን ከቃላት ጨዋታ የበለጠ ጥቅም አለው። አለንጋ የያዘ መምህር በአንድ ቃል አርባ ልጆችን ዝም ሊያሰኝ ይችላል፤ የሚያገኘው ግን የተቈረጠ ንግግር ነው። በፍርሃት ዝም ያለ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም፤ መምህሩም ስሕተቱን ሳያውቅለት ዓመቱ ያልፋል። በሥራው ልቡ የሰከነ ልጅ ግን ከንፈሩ ቢንቀሳቀስም ክፍሉ ጸጥታ አለው። ዕጩ መምህራንን የምናሠለጥን ሁሉ የማስተማር ልምምዳቸውን ስንመረምር «ክፍሉ ዝም ብሏልን?» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «ልጆቹ ዐርፈዋልን?» ብለንም እንጠይቅ።