የመሰብሰቢያ ሳንቲሞች ዋጋና ድርድር

የሳንቲም ትርዒት ነጋዴዎችና ሰብሳቢዎች በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው የቆዩና ብርቅ የሆኑ ሳንቲሞችን የሚሸጡበት፣ የሚገዙበትና የሚለዋወጡበት ገበያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 የተመሠረተው የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር ትላልቅ ትርዒቶችን ያዘጋጃል። በእነዚህ ገበያዎች በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ዋጋ ሳይሆን የድርድር መነሻ ነው። መቀነስ የሚቻለው ግን ነጋዴው ራሱ በገዛበትና በጠየቀው ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ላይ በመሆኑ፣ ገዢው ይህን ልዩነት አስቀድሞ መገመት ይኖርበታል።

ዋጋን የሚወስኑ ነገሮች

የብርና የወርቅ ሳንቲም ዝቅተኛ ዋጋ የሚነሣው በውስጡ ካለው ማዕድን ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ንጹሕ ብር ስለሆነ 24.06 ግራም ያህል ብር አለው። የብር ዋጋ የሚነገረው በትሮይ አውንስ (31.1 ግራም) ነው። አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን፣ በሳንቲሙ ያለው ብር ብቻውን 23 ዶላር ገደማ ያወጣል።

ከዚህ በላይ ያለውን ዋጋ የሚወስኑት የሳንቲሙ ብዛት፣ ይዞታና ተፈላጊነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 በፊላደልፊያ ከ44 ሚሊዮን በላይ ሞርጋን ዶላሮች ሲሠሩ፣ በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ የተሠሩት 100,000 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በክብደትም በብር መጠንም እኩል የሆኑት ሁለቱ ሳንቲሞች በዋጋ እጅግ ይራራቃሉ። ዕድሜ ብቻውን ሳንቲምን ውድ አያደርገውም።

ይዞታ የሚለካው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ካወጣው መለኪያ በተወረሰው ከ1 እስከ 70 ባለው ነጥብ ነው። ፒሲጂኤስ (1986) እና ኤንጂሲ (1987) የተባሉት ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረውና ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ማቀፊያ ያሽጉታል። በአሲድ ወይም በመፈግፈጊያ የጸዳ ሳንቲም ቢያብረቀርቅም ዋጋው ይቀንሳል።

የዋጋ መመሪያዎች

በአሜሪካ ሽፋኑ ቀይ በመሆኑ «ቀዩ መጽሐፍ» የሚባለው መመሪያ በችርቻሮ የሚጠየቀውን ግምታዊ ዋጋ ያሳያል። ከ1963 ጀምሮ የሚወጣው «ግሬይሺት» ደግሞ ነጋዴዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበትን የጅምላ ዋጋ ይዘረዝራል። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የችርቻሮውን ዋጋ እንደ ትክክለኛ ዋጋ የሚቆጥር ገዢ አብዝቶ ሊከፍል፣ የጅምላውን የሚጠብቅ ደግሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ድርድር

አንድ ነጋዴ በ160 ዶላር የገዛውን ሳንቲም 220 ዶላር ቢጠይቅበት፣ 100 ዶላር ማቅረብ ንግግሩን ሊዘጋው ይችላል። ከ185 እስከ 195 ዶላር ማቅረብ ግን ለነጋዴው ትርፍ፣ ለገዢውም ቅናሽ የሚተው ሐሳብ ነው። በማዕድን ዋጋቸው ብቻ በሚሸጡ ሳንቲሞች ላይ ትርፉ ጠባብ ስለሆነ በክርክር የሚገኘው ቅናሽ ትንሽ ነው።

ብዙ ሳንቲሞችን አብሮ መግዛትና በጥሬ ገንዘብ መክፈል ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳል። በትርዒቱ መጨረሻ ቀን አንዳንድ ነጋዴዎች ዕቃውን ይዘው ከሚመለሱ ቀንሰው መሸጥን ይመርጣሉ፤ ሆኖም ተፈላጊዎቹ ሳንቲሞች አስቀድመው ሊሸጡ ይችላሉ። «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ዕቃውን ከማጣጣል ይሻላል። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ነው። የሌላ ሰውን ድርድር አቋርጦ መግባት እንደ ነውር ይታያል፤ ነጋዴው የቀረበለትን ዋጋ ከተቀበለ በኋላም ገዢው ሐሳቡን መለወጥ አይገባውም።

የማርትሬዛ ብር ምሳሌ

በኢትዮጵያ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ተብሎ የሚታወቀው የኦስትሪያ ሳንቲም ዕድሜና ዋጋ እንዴት እንደሚለያዩ በግልጽ ያሳያል። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ ሳንቲሙ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች እንደገና ሲሠራ ኖሯል፤ ሁሉም ላይ ግን የተጻፈው 1780 ነው። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» ለሚል ሻጭ ተጨማሪ መክፈል ጉዳት ነው። ሳንቲሙ 28.07 ግራም ሲመዝን 23.39 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው፤ የተለመዱት ዳግም ሥራዎች ዋጋም በአብዛኛው ለዚሁ የቀረበ ነው።

በፓሪስ የተሠራው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ግን ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዟል። የግዕዝ ቁጥር የሚያነብ ገዢ የሻጩን ቃል ሳይጠብቅ ዓመቱን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል።

ጥንቃቄ

ከመክፈል በፊት ሳንቲሙን መመዘንና በአጉሊ መነፅር መመርመር ይጠቅማል። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ሆኖም የማይሳብ ሁሉ ብር ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ በ1973 የወጣ ሕግ አስመስለው የተሠሩ ሳንቲሞች «ኮፒ» የሚል ምልክት እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ አጭበርባሪዎች ግን ይህን አያከብሩም። ስለዚህ የሳንቲሙን ዓይነት፣ ዓመትና ይዞታ የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበል የግዢው አካል ነው።