መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ በራሱ እንዲነሳ

ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። የክሊኒኩ ሰርቨር ግን ጠዋት ሰው እስኪያበራው ድረስ ጠፍቶ አደረ፤ የታካሚ ካርድ አይከፈትም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ብልሽት ሳይሆን ሴቲንግ ነው።

🔹 ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» የሚለውን ፈልጉ። ስሙ እንደየማሽኑ ይለያያል።

🔹 «ፓወር ኦን» አድርጉት። «ላስት ስቴት» ከሆነ፣ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፍቶት ባትሪው ቢያልቅ፣ መብራት ሲመጣም እንደጠፋ ይቀራል።

🔹 ማሽኑ በራ ማለት ፕሮግራሙ ይሠራል ማለት አይደለም። ዳታቤዙን ጨምሮ በዊንዶውስ ሰርቪሶች ላይ «አውቶማቲክ»፣ በሊኑክስ ደግሞ «ኢኔብል» አድርጓቸው።

🔹 ሳትሞክሩት አትመኑት። ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ማንም ሳይነካው ፕሮግራሙ ከተከፈተ ጨርሳችኋል።