ኮይል በእሽቅድምድም ሜዳ፤ ከሩምኮርፍ እስከ ዛሬ

በመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ኮይል ሲቃጠል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ጥራት ይሳበባል። የተቃጠለው ተነሥቶ አዲስ ይተካል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ የፊተኛውን ዕጣ ይከተላል። ይህ የሚደጋገምበትን ምክንያት ለማወቅ ኮይሉ ከየት ተነሥቶ አሁን ካለበት ቦታ እንደ ደረሰ መመርመር ያስፈልጋል።

ማይክል ፋራዴይ በ1831 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር አሳየ። አየርላንዳዊው ቄስ ኒኮላስ ካለን በ1836 በአንድ ብረት ላይ ወፍራምና ቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ፥ የባትሪው ኮረንቲ ድንገት ሲቋረጥ በቀጭኑ ሽቦ ጫፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲገኝ አደረገ። በፓሪስ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሩምኮርፍ መሣሪያውን አሻሽሎ ስሙን ተከለበት፤ በ1864ም ናፖሌዎን 3ኛ ያቋቋመውን የ50,000 ፍራንክ ሽልማት ተቀበለ። ኤትየን ሌንዋር በ1860 የጋዝ ሞተሩን ያቀጣጠለው በዚሁ ዓይነት ኮይል ነበር።

የቻርለስ ኬተሪንግ የባትሪና የኮይል ሥርዓት ለ1910 ሞዴል ካዲላክ ከተገጠመ በኋላ ተራው መኪና ቀስ በቀስ ወደ ኮይል ሲያዘነብል፥ ብዙ ተወዳዳሪዎች ግን የሮበርት ቦሽ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 የሠራውን ባለከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶ ለረጅም ዘመን አልለቀቁም። ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፤ ፍጥነት በጨመረ መጠንም ብልጭታው ይበረታል። ኮይል ግን የሚሞላበት ጊዜ ይሻል። ባለ8 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲሽከረከር በሰከንድ 400 ብልጭታ ይጠይቃል፤ ለአንዱ የሚደርሰው 2.5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ከዚህም ላይ ፑንቲናው ተከፍቶ የሚቆይበት ሲቀነስ የቀረው ጊዜ ለአንድ ኮይል አይበቃም። ስለሆነም የዚያን ዘመን ተወዳዳሪ ይበልጥ የሚያሳስበው የብልጭታው መድከም ነበር። ኮይሉ ራሱ በዘይት ተሞልቶ፥ ከሞተሩ ራቅ ብሎ በአካሉ ግድግዳ ላይ ታስሮ ነፋስ ያገኝ ነበር።

ሳብ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ በ1980ዎቹ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ኮይል የሚሰጥ ሥርዓት ካቀረበ ወዲህ፥ ሌሎችም ፋብሪካዎች ይህንኑ ፈለግ ይዘዋል። በዚህ ሥርዓት፥ በዚያው በ6,000 ዙር፥ አንዱ ኮይል በ20 ሚሊሰከንድ አንዴ ብቻ ይተኩሳል። ጊዜ ተገኘ፤ ቀዝቃዛው ቦታ ግን ጠፋ። ኮይሉ በቴስታታው ላይ፥ ከካንዴላው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ ሙቀቱንም ንዝረቱንም በቀጥታ ይቀበላል።

መዳብ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ የኮረንቲ መከላከሉ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብልጭታውም ይደክማል። የባሰው ግን የሽፋኑ ጉዳይ ነው። ሞንትሲንገር በ1930 ስለ ትራንስፎርመር ባወጣው ጥናት፥ ሙቀት በ8 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ እንደሚቀንስ አመለከተ፤ ኮይልም ያው ትራንስፎርመር ነው።

በሜዳ ላይ ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ ኮይል የሚገድለው ካንዴላ ነው። ፍሪድሪሽ ፓሸን በ1889 እንዳረጋገጠው፥ ብልጭታ ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ የሚወሰነው በክፍተቱና በግፊቱ ብዜት ነው። ካንዴላው ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ፥ ወይም ቱርቦ ግፊቱን ሲጨምር፥ ቮልቴጁ በካንዴላው መዝለል ቢያቅተው የኮይሉን ሽፋን ወይም የላስቲኩን ቆብ በስቶ ወደ ቴስታታው ይወርዳል። ኮይል ብቻ የሚለውጥ መካኒክ እንግዲህ ገዳዩን ከቦታው ትቶታል ማለት ነው። ካንዴላው ሳይበላ መለወጥ፥ ለቱርቦ ሞተር ክፍተቱን ማጥበብ፥ የተሰነጠቀ ቆብ መጣልና የመሬት ሽቦውን ማጥበቅ ውድ ኮይል ከመግዛት ይቀድማል።

ብልጭታ እናበረታለን ብለው በኮምፒዩተሩ የመሙያውን ጊዜ የሚያስረዝሙም አሉ። የኮይሉ ብረት በማግኔት ኃይል ከጠገበ በኋላ የሚጨመረው ኮረንቲ ከሞላ ጎደል ሙቀት ብቻ ነው፤ የባትሪው ቮልቴጅ ከፍ ሲልም የመሙያው ጊዜ ማጠር አለበት።

በፑንቲና ዘመን ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሳይዘጋ ከቀረ፥ ፑንቲናውም ተገጣጥሞ ከቆመ፥ ኮይሉ በቆመ መኪና ላይ ይቃጠል ነበር። ለዛሬውም ኮይል ክፉው ሰዓት መኪናው የሚቆምበት ነው፤ ውሃውና ነፋሱ በአንድነት ሲያቆሙ የቴስታታው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች የመጨረሻውን የሜዳ ዙር በዝግታ ነድተው ይገባሉ፤ ኮፈኖውንም ወዲያው ይከፍታሉ።