የሳጥን ሚስማር፦ ከጋፋት መድፍ እስከ ዕቃ ቤት

ደብረ ታቦርና የብረታ ብረት ሥራ አንድ ላይ ሲነሱ ቀድሞ የሚታወሰው ጋፋት ነው። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ ያፈሰሱት በዚያ ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በ1860 ዓ.ም. ገደልና ሸለቆ እያቋረጠ እስከ መቅደላ ተጎትቷል። የዚህን መድፍ ታሪክ የማያውቅ የለም። ልብሰ ተክህኖውን፣ ብራናውንና የክት ልብሱን የሚጠብቀው ሳጥን ግን በምን ተያይዞ እንደሚቆም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሊጠየቅ ይገባል፤ ሳጥኑ ሲላቀቅ ክረምቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

የሳጥን ሳንቃ ስስ ነው። ተራ ሚስማር የሚጨብጠው በቂ እንጨት ስለማያገኝ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እየላላ ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ቀጭን፣ ከለስላሳ ብረት የተሠራና ከሳንቃው ውፍረት አምስት ሚሊ ሜትር ያህል የሚተርፍ ሚስማር ነው። አንዱ ሰው ከውጭ በመዶሻ ሲመታ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ጫፉ ብረቱን ሲነካ ይቆለመምና ተመልሶ እንጨቱ ውስጥ ይቀበራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሳጥን ሠሪዎች ማጠፊያውንና የማዕዘኑን ቆርቆሮ የሚያስሩት በዚህ ዘዴ ነበር።

ዛሬ በገበያ ያለው ሚስማር ከሽቦ የሚቆረጥ ነው። ሽቦ ሲሳብ ይጠነክራል፤ ሊቆለምሙት ሲሞክሩ አንዳንዴ ይሰበራል። መፍትሔው ወናፍ ካለው ቀጥቃጭ ዘንድ አለ፦ ሚስማሩን እስኪቀላ አግሎ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው። ዚንክ የተለበጠ ሚስማር ግን ጭሱ ስለሚጎዳ እሳት ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ዝገት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት ብረት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ሳጥኑ ቆዳ የለበሰ ከሆነ፣ እርጥበት የነካው ብረት በዕፅዋት ከለፋ ቆዳ ጋር ሲገናኝ በቆዳው ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ነገር ይፈጥራል፤ ይህም የአውሮፓ መጻሕፍትን ሲበላ የኖረው የብረት ቀለም ዘመድ ነው። የአገራችን ጸሐፊዎች ከጥላሸት ያዘጋጁት ቀለም ብራናውን አይበላም፤ ጥራዙም ከእንጨት ገበታው ጋር የሚያያዘው በክር ስፌት ነው። ይህን ያህል ተጠንቅቆ የተሠራ መጽሐፍ ሚስማሩ በዛገ ሳጥን ውስጥ መቀመጡ ያሳዝናል። በሚስማሩ ራስና በቆዳው መካከል ሰም መቀባት፣ ወይም የነሐስ ሚስማር መምረጥ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ጥገና ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት አሮጌውን ሚስማር ከውጭ በጉጠት ነቅሎ ማውጣት ነው፤ የተቆለመመው ጫፍ ሳንቃውን ገንጥሎ ይወጣል። አስቀድሞ ሳጥኑን ባዶ ማድረግ፣ ጫፉን ከውስጥ ማቃናት፣ ከዚያም ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ መግፋት ያስፈልጋል። የሰፋው ቀዳዳ ከዚያው ዓይነት እንጨት በተላገ ስንጥር ተሞልቶ ሙጫው ሲደርቅ፣ አዲሱ ሚስማር በመሰርሰሪያ በተከፈተለት ጠባብ ቀዳዳ ይገባል።