ወቅታዊ የሥራ ፍልሰት (ይፋግና አካባቢው)

ወቅታዊ የሥራ ፍልሰት፣ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ አካባቢ የሚነሡ የቀን ሠራተኞች በየዓመቱ ወደ መተማና ሑመራ ሰፋፊ እርሻዎች ወርደው የሚሠሩበት ልማድ ነው። ከመነሻዎቹ አንዷ የሆነችው ይፋግ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት።

ሥራው፦ በክረምት የሰሊጥና የማሽላ አረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ከቆየ ፍሬው ከቆባው ይረግፋል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይታጨዳል፣ ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ይራገፋል። ይህ ጥድፊያ በአጭር ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ጤና፦ ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሚያድሩ ካላዛር የተባለውን በሽታ ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይጋለጣሉ። ዝንቧ የምትሸሸገው በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ተረጋገጠ፤ ቀደም ሲል ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። በሽታው ወደ ወረዳው የገባው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደሆነ ይታመናል። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ሰጥቷል።

ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና ጣፊያው ካበጠ፣ ከወባ በተጨማሪ የካላዛር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።