ቃሉ የማን ነበር? የፔሮን አርጀንቲናና የሕዝበኝነት አንደበት

ቀድሞ ነገሥታት ሥልጣናቸውን ከሰማይ የተቀበሉት አድርገው ያስነግሩ ነበር። 20ኛው ምዕተ ዓመት ይህን ምንጭ አደረቀው። ከዚያ ወዲህ ማንም ገዢ፣ ሕዝቡን የሚያከብረውም ሆነ የሚረግጠው፣ በሕዝብ ስም ሳይምል ከሰገነት ላይ አይወጣም። ስለዚህ የዘመናችንን የፖለቲካ ግብዝነት ሊመረምር የሚሻ ሰው ከሐሰተኛው ቃል ይልቅ እውነተኛውን ቃል አስቀድሞ ቢመለከት ይበጀዋል፤ ይኸውም ሕዝቡ በላቡ ያፈራው፣ እውነተኛ በደልን የሚገልጽ ቃል ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ እንዴት የገዢው ንብረት እንደሚሆን ለማየት ነው። ለዚህ ጉዳይ ከ1943 እስከ 1955 በአርጀንቲና የታየውን የሁዋን ዶሚንጎ ፔሮንን አገዛዝ ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርጀንቲና በከብትና በስንዴ የበለጸገች፣ ሀብቷ ግን በጥቂት የመሬት ከበርቴ ቤተሰቦችና በእንግሊዝ የባቡር ኩባንያዎች እጅ የተያዘ አገር ነበረች። በ1930 ወታደሮች ሕጋዊውን ፕሬዚዳንት ከገለበጡ በኋላ ምርጫ መደረጉ አልቀረም፤ ውጤቱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የሚያስገርመው የአጭበርባሪዎቹ ድፍረት ነው። ድርጊታቸውን «አገር ወዳድ ማጭበርበር» ብለው ስም አወጡለት። አገር ወዳድነትና ማጭበርበር በአንድ ሐረግ ውስጥ ተጋብተው ሲኖሩ ያየ ሕዝብ ስለ ዴሞክራሲ የሚሰበክለትን በምን ጆሮ ሊሰማ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ፔሮንን ያበቀለው መሬት ይህ ነው። ይህን ሳይናገሩ እርሱን ብቻ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በጁን 4 ቀን 1943 ሥልጣን ከያዙት መኮንኖች አንዱ የነበረው ኮሎኔል ፔሮን፣ ጓዶቹ የጦሩንና የገንዘቡን ወንበር ሲሻሙ፣ ማንም ያልተመኘውን የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መረጠ። እዚያም ተቀምጦ የሠራው ሥራ ባዶ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት ተስፋፋ፤ የሥራ ክርክር የሚዳኝባቸው ፍርድ ቤቶች ቆሙ፤ በ1944 ለእርሻ ሠራተኛው ደንብ ወጣለት፤ በ1945 ማብቂያ ላይ የ13ኛ ወር ደመወዝ ታወጀ። ወዝ አደሩ በእጁ የጨበጠው እንጂ እንደ ላም አለኝ በሰማይ በተስፋ ብቻ የሚያየው አልነበረም። የሕዝበኝነት ንግግር ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ከጀርባው አንዳች እውነት የሌለው ቃል ለአንድ ምሽት ያጨበጭቡለት እንደሆነ እንጂ ዐሥር ዓመት አይገዛበትም።

በኦክቶበር 1945 በጦሩ ውስጥ ያሉ ተቀናቃኞቹ ፔሮንን ከሥልጣን አውርደው ወደ ማርቲን ጋርሲያ ደሴት ወሰዱት። ያን ጊዜ ከዋና ከተማይቱ ደቡብ፣ በቤሪሶ፣ ታላላቅ የሥጋ ማዘጋጃ ፋብሪካዎች ነበሩ። የዚያ ሥፍራ ሠራተኞች መሪ ሲፕሪያኖ ሬዬስ ይባላል። እርሱና መሰሎቹ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞሩ ሠራተኛውን ቀሰቀሱ፤ በኦክቶበር 17 ሕዝቡ ወደ ቦነስ አይረስ ተመመ። መንግሥት የሪያቹዌሎን ወንዝ ድልድዮች አንሥቶ መንገድ ለመዝጋት ቢሞክር በጀልባና በመወጣጫ ሁሉ እየተሻገሩ ፕላሳ ዴ ማዮ በተባለው የመንግሥት አደባባይ ገቡ። ከዚያ በፊት በዚህ አደባባይ የሚታየው ኮትና ባርኔጣ ነበር። አሁን ግን የደከማቸው ሰዎች እግራቸውን በአደባባዩ ፏፏቴ ውስጥ ነክረው ተቀመጡ። የከተማው ጨዋ በንቀት «ሸሚዝ አልባዎች» አላቸው። ሌሊት ላይ ፔሮን ተፈትቶ በሰገነቱ ብቅ አለ፤ በኋላም ያን የንቀት ስም እንደ ክብር ማዕረግ አድርጎ አነሣው።

ከቀናት በኋላ ሬዬስና የስልክ ሠራተኞች መሪ የሆነው ሉዊስ ጋይ የሠራተኛ ፓርቲ አቋቋሙ። የራሱ ፕሮግራም፣ የራሱ ቅርንጫፍ፣ የራሱ አመራር ያለው፣ ማኅበራቱ ራሳቸው የወለዱት ፓርቲ ነበር። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1946 በተደረገው ምርጫ ፔሮን ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲያገኝ ከድምፁ አብዛኛውን ያስገኘለት ይኸው ፓርቲ ነው። በምርጫው ዘመቻ የተሰማው መፈክር ሦስት ቃል ብቻ ነበረው፦ ብሬደን ወይስ ፔሮን! ስፕሩል ብሬደን በአርጀንቲና የአሜሪካ አምባሳደር ሆኖ በአገሪቱ ፖለቲካ እጁን ያስገባ ሰው ነው። መራጩ የቀረበለት ጥያቄ እንግዲህ የደመወዝ ወይም የመሬት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጥያቄ ሆነ፤ ፔሮንን የተቃወመ ሁሉ፣ ጥያቄው ሌላም ቢሆን፣ ከባዕድ ጎን የቆመ ተባለ።

ድሉ ከተገኘ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሜይ 1946፣ ፔሮን የሠራተኛው ፓርቲ ፈርሶ በአንድ ነጠላ ፓርቲ ውስጥ እንዲቀልጥ አዘዘ። ምክንያቱ አንድነት ነው ተባለ። ፓርቲው በኋላ በይፋ በመሪው ስም ተጠራ። ሉዊስ ጋይ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመርጦ ሳለ፣ በ1947 መባቻ ከአሜሪካ ማኅበራት ጋር ዶልተሃል በሚል ክስ ወንበሩን ለቀቀ። ሬዬስ ግን ፓርቲዬን አላፈርስም አለ። በ1947 በተሳፈረበት መኪና ላይ በተከፈተ ተኩስ ሾፌሩ ሲሞት እርሱ ተረፈ። በ1948 ፕሬዚዳንቱንና ባለቤቱን ለመግደል አሲረሃል ተብሎ ተያዘ፤ በእስር ቤት ተሠቃየ፤ ከዚያም የወጣው አገዛዙ ከወደቀ በኋላ ነው። ኦክቶበር 17 በየዓመቱ «የታማኝነት ቀን» ተብሎ በሕዝብ በዓልነት ሲከበር፣ ያን ቀን ካደራጁት ዋና ሰዎች አንዱ በወህኒ ቤት ሆኖ የበዓሉን ሁካታ ይሰማ ነበር። ታማኝነት ለማን?

የእኛ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ አድማጩ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንዲያገኝ ይጋበዛል። በዚህ ዓይነቱ ንግግር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አድማጩ ሰሙን እንዳይነካ ይከለከላል። የ1949ኙን ሕገ መንግሥት የተመለከተ ይህን ያስተውላል። አንቀጽ 37 የሠራተኛውን መብቶች ዐሥር አድርጎ ይዘረዝራል። የመሥራት መብት አለ፤ የተገቢ ዋጋ መብት አለ፤ የጤናና የቤተሰብ ጥበቃም አለ። የሥራ ማቆም መብት ግን የለም። የተሰጠው በዝርዝር ተጽፏል፤ ሠራተኛው ሌላውን በራሱ ኃይል የሚያስገኝበት መሣሪያ ሳይጻፍ ቀርቷል።

ባቡሩ የዚህ ፈተና ሆነ። በማርች 1 ቀን 1948 መንግሥት የእንግሊዝን ባቡሮች ገዝቶ ሲረከብ፣ ከእንግዲህ የእኛ ናቸው የሚል ደስታ በየጣቢያው ተሰማ፤ ደስታውም የሚገባ ነበር። በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ ግን የባቡር ሠራተኞች ደመወዝ እንዲሻሻል ጠይቀው፣ የማኅበራቸውን መሪዎች አልፈው ሥራ አቆሙ። ፔሮን በጃንዋሪ 1951 ሠራተኞቹን በጦር ሕግ ሥር አዋላቸው። ወደ ሥራ ያልተመለሰ ሠራተኛ እንደ ከዳተኛ ወታደር የሚቆጠር ሆነ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ባቡሩ የእኛ ከሆነ አድማው በማን ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ሎጂክ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀን ከሌሊት ሐዲድ ላይ የሚውለው ሰው «እኛ» ከተባለው ቃል ውጪ መቅረቱን ይደብቃል።

ስለ ፔሮን ዘመን ሲወራ ስለ ቴአትር አለመናገር አይቻልም። ኤቫ ፔሮን ራሷ የሬዲዮ ድራማና የፊልም ተዋናይት ነበረች። በኦገስት 22 ቀን 1951 የማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን በሰፊው የጁላይ 9 ጎዳና ላይ ታላቅ መድረክ አቁሞ፣ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት እንድትቀርብ ሊለምናት ሕዝብ ጠራ። ነገሩ የታቀደ ነበር። ሕዝቡ መጣ፤ ጠየቀ፤ እርስዋ የማሰቢያ ጊዜ ለመነች፤ ሕዝቡ አሁኑኑ አለ። ጊዜ ስትጠይቅ ሕዝቡ ሲከለክል መሸ። ያን ምሽት የቃለ ተውኔቱ ባለቤቶች ያልጠበቁት ነገር ደረሰ፤ ተመልካቹ የተሰጠውን ሚና ከምር ወስዶ መድረኩ ላይ ወጣ። ጦሩ አንዲት ሴት፣ ያውም እርስዋ፣ የበላይ አዛዥ ልትሆን የምትችልበትን ወንበር እንድትይዝ አልፈቀደም፤ ሕመሟም እየጠና ነበር። በኦገስት 31 በሬዲዮ ክብሩን በፈቃዷ እንደተወች ተናገረች። ስለ ጦሩ አንዲት ቃል አልተተነፈሰችም። ሕዝቡ እንዲመርጥ የተጠራበት አንድ ጉዳይ ቢኖር ይህ ነበር፤ ውሳኔው ግን ሌላ ቦታ ተወስኖ እንደ ራስዋ መሥዋዕትነት ተተረከለት።

ይህን መናገር የኤቫን ሥራ ሁሉ ለማራከስ አይደለም። ሴቶች የመምረጥ መብት በሕግ ያገኙት በ1947 ሲሆን የእርስዋ ድርሻ በዚያ ቀላል አልነበረም። በኖቬምበር 1951 ድምፅዋን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ሰጠች፤ በጁላይ 26 ቀን 1952 በ33 ዓመቷ አረፈች። ከዚያ በኋላ ግን ሟቿ በሕይወት ካለችው ይልቅ ለአገዛዙ ተመቸች። «የሕይወቴ ትርጉም» የተባለው፣ በስሟ ወጥቶ መነሻው በአንድ ስፔናዊ ጋዜጠኛ እጅ የተጻፈው መጽሐፍ በትምህርት ቤት እንዲነበብ ታዘዘ። መምህራን የዚህን ነገር ክብደት ያውቁታል፤ ሕፃን ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት መጽሐፍ ላይ አይከራከርም።

ከኪነ ጥበብ ሰዎች ወገን ሁለት ሰዎች ይጠቀሱ። ሆርኬ ሉዊስ ቦርኼስ በአንድ አነስተኛ የማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1946፣ ራሱ እንደተረከው፣ በገበያ የዶሮና የጥንቸል ተቆጣጣሪ ሆኖ «እድገት» እንደተሰጠው ተነገረው፤ ሥራውን ለቀቀ። ስድቡ እድገት መባሉ የዘመኑን ቋንቋ ጠባይ ያሳያል። የሁለተኛው ሰው ታሪክ የበለጠ ያሳዝናል። ኤንሪኬ ሳንቶስ ዲሴፖሎ ቴአትር ጸሐፊ፣ ተዋናይና የታንጎ ደራሲ ነበር። በ1934 በደረሰው «ካምባላቼ» በተባለው ታንጎው፣ ዘመኑን ሁሉ ነገር ተደባልቆ ዋጋው ከጠፋበት የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ጋር አመሳስሎታል። የ1943ቱ ወታደራዊ መንግሥት የድሀ ሠፈር ቋንቋ የሚነገርባቸውን ታንጎዎች ከሬዲዮ ሲያርም ሥራዎቹ ከተነኩባቸው አንዱ እርሱ ነው። ይኸው ሰው በ1951 ምርጫ ዋዜማ በመንግሥት ሬዲዮ ቀርቦ፣ ሞርዲስኪቶ የሚል ስም ያወጣለትን ምናባዊ ተቃዋሚ ምሽት ምሽት ይሞግት ጀመር። ለድሀ የነበረው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ድሀው ያገኘውንም አይቷል። ነገር ግን ሞርዲስኪቶ መልስ የመስጫ ማይክሮፎን አልነበረውም። ታላቁ ላ ፕሬንሳ ጋዜጣ በዚያው ዓመት ተወርሶ በሠራተኛው ስም ለኮንፌዴሬሽኑ ተሰጥቷል፤ ሌሎችም አፋቸውን ዘግተዋል። ቴአትር ጸሐፊ ተቀናቃኙን ገጸ ባሕርይ ድዳ አድርጎ ከጻፈው ቴአትሩ እንደሚሞት ዲሴፖሎ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ብዙ ወዳጆቹ ፊታቸውን አዞሩበት፤ በዲሴምበር 23 ቀን 1951 ሞተ።

የኤኮኖሚው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በጁላይ 9 ቀን 1947 ፔሮን በቱኩማን ከተማ የኤኮኖሚ ነጻነት አወጀ፤ ከውጭ መበደር እንዳበቃም ደጋግሞ ይናገር ነበር። በ1950 የብሬደን አገር የኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ 125 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1952 ድርቅ ተጨምሮበት የስንዴይቱ አገር ሕዝብ ከማሽላ ዱቄት የተደባለቀ ጥቁር ዳቦ በላ። የ1949ኙ ሕገ መንግሥት የነዳጅ ሀብት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብ ንብረት ነው ብሎ ሳለ፣ በ1955 የካሊፎርኒያ ስታንዳርድ ኦይል 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት የሚሰጥ ውል ተዘጋጀለት። ብድርም ሆነ ውል ለችግረኛ አገር ነውር አይደለም። ነውሩ መፈክሩ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው፤ ቀድሞ በተነገረው ቃል መንግሥትን የጠየቀ ሰው የአገር ጠላት መባሉ ነው።

በሴፕቴምበር 1955 ጦሩ ፔሮንን ገለበጠ። ገልባጮቹ ሥራቸውን «ነጻ አውጪ አብዮት» አሉት። በማርች 1956 ባወጡት ቁጥር 4161 ድንጋጌ የፔሮንን ስም፣ የኤቫን ስም፣ ሥዕላቸውንና መዝሙራቸውን መጥራትም ሆነ ማሳየት በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረጉ። ጋዜጦች «የኮበለለው አምባገነን» እያሉ ይጽፉ ጀመር። በዚያው ዓመት በጁን አመፅ በተነሣ ጊዜ ነጻ አውጪዎቹ ምንም ያላደረጉ ሰዎችን ጭምር በሌሊት በቆሻሻ መጣያ ሜዳ ረሸኑ፤ ይህን ሮዶልፎ ዋልሽ የተባለው ጸሐፊ በ1957 «ኦፔራሲዮን ማሳክሬ» በተሰኘ መጽሐፍ ለዓለም ገለጸ። ስሙ የታገደው ሰው ለወዝ አደሩ እንደገና ንጹሕ ሆኖ ታየው፤ የባቡር አድማውና ጥቁሩ ዳቦ ተረሱ። በ1973 ፔሮን በሕዝብ ድምፅ ተመልሶ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በዓመቱ በጁላይ 1 ቀን 1974 ሞተ።

ሲፕሪያኖ ሬዬስ ከወህኒ የወጣው በዚያው በ1955 ነበር። ፓርቲውን ሊያነሣ ቢሞክር አልቆመለትም። ፔሮን በተመለሰበት ዓመት፣ በ1973፣ ሬዬስ የራሱን ታሪክ ጽፎ አወጣ። የመጽሐፉ ርዕስ «ኦክቶበር 17ን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚል ነው።