ጠፋች የተባለችው ሰንጊና የተቀያየረው ስሟ

ስለ እንስሳት አመዳደብ በምናስተምርበት ጊዜ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገንና ዝርያ የሚሉትን ቃላት በሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች እንደረድራለን፤ ተማሪውም ቀድቶ በቃሉ ያጠናል። ሠንጠረዡ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር የተጻፈበት ዓመት፣ የጻፈው ሰው፣ አንዳንዴም የተሳሳተበት ምክንያት አለው። ይህን ታሪክ በአንዲት ትንሽ እንስሳ አማካይነት ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳይቱ ሰንጊ ትባላለች፤ ስሙ ከምሥራቅ አፍሪካ የባንቱ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። የኋላ እግሮቿ ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ዓይኖቿም ትላልቅ ናቸው። አፍንጫዋ እንደ ትንሽ ኩምቢ ረዝሞ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል፤ በእሱም ምስጥና ሌሎች ነፍሳትን እያሸተተች ትለቅማለች። ይህን አፍንጫ ያዩ አውሮፓውያን የዝሆንን ስም ጨመሩላት። ስሙ ቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ቁም ነገር የሆነበትን ሁኔታ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ከሰንጊ ዝርያዎች አንዷ የሶማሌ ሰንጊ ናት። ፈረንሳዊው ተጓዥ ዦርዥ ሬቮል ከሶማሌ ምድር ካመጣቸው ናሙናዎች መካከል ስለ ተገኘች፣ የአገሩ ሰው ኡዌ በ1881 ሲመዘግባት ለተጓዡ መታሰቢያ ሬቮሊ ብሎ ሰየማት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ቤተ መዘክሮች የተከማቹት ናሙናዎች 39 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ከሶማሊያ የመጡ ናቸው። ለ50 ዓመት ገደማ ደግሞ አዲስ መረጃ ጨርሶ ታጣ። ግሎባል ዋይልድላይፍ ኮንሰርቬሽን የተባለው ድርጅት እጅግ ከሚፈለጉት 25 የጠፉ ዝርያዎች አንዷ አድርጎ እስከ መመዝገብ ደረሰ።

በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ጂቡቲ ውስጥ ፍለጋ ጀመረ። ከቡድኑ አባላት መካከል የዱክ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ሄሪቴጅ እና የጂቡቲው የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ሑሴን ራያሌ ይገኙበታል። ራያሌ እንስሳይቱን ከዚህ በፊት እንዳያት እርግጠኛ ነበር። በ12 ቦታዎች ከ1,000 የሚበልጡ ወጥመዶች ተዘረጉ፤ ማባበያው የለውዝ ቅቤ፣ አጃና እርሾ ተደባልቆ የተሠራ ነበር። ገና የመጀመሪያው ወጥመድ ሲታይ አንዲት ሰንጊ ተይዛበታለች! በጅራቷ ጫፍ ያለው የጸጉር ጉንጉን ማንነቷን ወዲያው አሳወቀ። በጠቅላላው 12 ሰንጊዎች ታዩ። ሰንጊዎችን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያጠናው የካሊፎርኒያው ጌለን ራትበን የሥራው ተካፋይ ነበር፤ ነገር ግን ጥናቱ በ2020 ታትሞ ከመውጣቱ በፊት ዐረፈ።

ባለፈው ክረምት እኛም ለሥራ በጂቡቲ ከተማ ሰንብተን ነበር። ሙቀቱ በሚበረታበት ከቀትር በኋላ ከተማው በር ዘግቶ ይተኛል። ፀሐይ ስትበርድ ሻይ ቤት ተቀምጠን የሰንጊዋን ሥዕል ስንመለከት፣ በአዲስ አበባ መንገድ ለረጅም ጊዜ የነዱ አንድ የጂቡቲ ሾፌር በአማርኛ አዋሩን።

«መምህሮች፣ የምን ሥዕል ነው?»

ጠፍታ ቆይታ በአገርዎ የተገኘች እንስሳ ናት አልናቸው። ሥዕሉን አራቅ አድርገው ተመለከቱና ሳቁ።

«ይቺን? ይቺማ መች ጠፋች! ድንጋይ ባለበት ሁሉ ስትሮጥ እናያት አልነበር እንዴ? ጠፍታችሁ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ተመራማሪዎቹም ያሉት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የጂቡቲ ሰዎች እንስሳይቱ ጠፋች ብለው አያውቁም ነበርና። የጠፋችው ከመዝገብ ነው።

አሁን ወደ አመዳደቡ ታሪክ እንመለስ። በመጀመሪያ ሰንጊዎች ሹል አፍንጫ ካላቸው ነፍሳት በል አጥቢዎች ጋር ተቆጠሩ። መስፈርቱ መልክና ምግብ ነበር። በ1866 ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ዕውር አንጀት የሚባለው የአንጀት ክፍል ያላቸውን ለይቶ፣ ሰንጊዎችን በእስያ ዛፍ ላይ ከሚኖሩ ትናንሽ አጥቢዎች ጋር አንድ ላይ አኖራቸው። በ1956 በትለር ራሳቸውን የቻሉ ክፍለ መደብ አደረጋቸው። በ1975 ደግሞ ማኬና ጥርስንና አጥንትን መርምሮ ወደ ጥንቸል ወገን አስጠጋቸው። ሰንጊዎቹ ምንም ሳይለወጡ በ110 ዓመት ውስጥ ዘመዶቻቸው ሦስት ጊዜ ተለወጡባቸው።

እንዲህ ያለ ውጣ ውረድ በአገራችን በሚታወቀው በሽኮኮም ላይ ደርሷል። በ1766 ፓላስ የተባለው ሊቅ የደቡብ አፍሪካውን ሽኮኮ ከደቡብ አሜሪካ አይጥ መሰል እንስሳ ጋር መደበው። እንግሊዞች ብሩስ እያሉ የሚያነሡት ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያውን «አሽኮኮ» በሥዕል አስደግፎ ገልጿል። ኋላ ግን ኩቪዬ የጥርሱንና የአጥንቱን አሠራር አይቶ ከአውራሪስና ከመሳሰሉት ወፍራም ቆዳ ካላቸው እንስሳት ጎን አቆመው። ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንስሳ የአውራሪስ ዘመድ ነው ሲባል የሰማ ሰው ምን ብሎ ይሆን?

የ1990ዎቹ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነገሩን ከሁሉ ይልቅ አስገራሚ አደረገው። ስታንሆፕና ባልደረቦቹ በ1998 አፍሮቴሪያ፣ ማለትም የአፍሪካ አራዊት፣ የሚል አዲስ ስም ለአንድ ታላቅ የዘር ግንድ ሰጡ። በዚህ ግንድ ውስጥ ዝሆን፣ ሽኮኮ፣ በቀይ ባሕር የምትገኘው የባሕር ላም፣ ጉንዳን ቆፍሮ የሚበላው አዋልዲጌሳ፣ የማዳጋስካር ቴንሬኮች እና ሰንጊዎች ይገኛሉ። አፍሪካ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በባሕር ተከብባ ብቻዋን በኖረችበት ዘመን ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ የወረዱ ናቸው። በመልክ አንዱ ከሌላው አይገናኝም፤ ነገር ግን ሰንጊ ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን የቀረበች ዘመድ ናት። የቀልዱ ስም እውነት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በምናስተምርበት ማሠልጠኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣነው ፈተና «ሰንጊ ከነፍሳት በሎች ክፍለ መደብ ትመደባለች» የሚል የእውነት ሐሰት ጥያቄ ነበር። ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የቀዳነው ነው። አንድ ሠልጣኝ «ሐሰት» ብሎ በጎኑ «ዘመዷ ሽኮኮ ነው» ሲል ጻፈ። እኛም ነጥቡን ቀንሰን፣ ይባስ ብሎ መልሱን በክፍል ውስጥ አነበብነው፤ ተሳቀበት። ልጁ አንገቱን ደፋ እንጂ አልተከራከረም። አፍሮቴሪያ የሚለው ስም ከወጣ ያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

የሶማሌ ሰንጊ ነገር በክፍለ መደብ ብቻ አላበቃም፤ የወገን ስሟም ተንከራትቷል። ኡዌ በ1881 ማክሮሴሊደስ ከሚለው ወገን አስገብቷት ነበር። ቶማስና ሽዋን በ1906 ኤሌፋንቱለስ የሚል ወገን አወጡና እሷም ወደዚያ ተዛወረች። ኮርቤትና ሃንክስ በ1968 ሰንጊዎችን ሁሉ ከቆዳቸውና ከራስ ቅላቸው ተነሥተው በከለሱ ጊዜም እዚያው ቀረች። ከጂቡቲ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ግን የሶማሌ ሰንጊ ከቀሩት የኤሌፋንቱለስ ዝርያዎች ይልቅ ሩቅ አገር፣ በሞሮኮና በደቡብ አፍሪካ፣ ካሉ ሌሎች ሰንጊዎች ጋር የምትዛመድ ሆና ተገኘች። ከሁሉ የምትቀርባት በኬንያና በኢትዮጵያ ቆላ የምትኖረው ቀይማ ሰንጊ ናት፤ ራትበን በኬንያ እንዳጠናው ይህች እንስሳ በቁጥቋጦ ሥር የራሷን መንገድ አውጥታ በየቀኑ በፊት እግሮቿ ትጠርጋለች። ሁለቱም አሁን ጋሌጌስካ በሚል አዲስ ወገን ይመደባሉ። «ጌስካ» በሶማልኛ ቀንዱ ማለት ነው፤ የአፍሪካ ቀንድ ለማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አህጉር ብቻ የሆነ አይደለም። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ አይጥ የምትመስል፣ ነገር ግን የካንጋሮ የሩቅ ዘመድ የሆነች ኦፖሰም አለች። ቴት በ1933 እነዚህን ትናንሽ ኦፖሰሞች ሁሉ ማርሞሳ በሚል አንድ ወገን ውስጥ አድርጎ ከለሳቸው። ጋርድነርና ክሬይተን በ1989 በአምስት ወገኖች ከፋፈሏቸው። በ2009 ደግሞ ቮስና ጃንሳ ከአምስቱ አንዱን መልሰው ማርሞሳ ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ ከ1989 በኋላ የታተመ መጽሐፍም ቢሆን ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይቻልም።

ከጂቡቲ እንደ ተመለስን የዚያን ሠልጣኝ የፈተና ወረቀት በመዝገብ ቤት አስፈለግን። የቆዩ ወረቀቶች ተጠራርገው ስለ ወጡ አልተገኘም፤ የነጥቡ መዝገብ ግን አለ። ልጁ አሁን በአንድ የቆላ ወረዳ ባዮሎጂ እንደሚያስተምር ሰምተናል። ይህ መጽሔት እዚያም ስለሚደርስ፣ ሁለቱ ነጥቦች የእሱ መሆናቸውን በዚህ አጋጣሚ እናስታውቃለን።